የማያማርር ሸለቆ

ማርች 3

ካርታው ላይ ኢንተርኔት አለን።

አጎቴ ሄልመር፣ እንዴት ሰነበትህ? ስለ ቤትህ ለጠየቅኸኝ፦ ውሃው ቧንቧው ውስጥ በረዶ እንዳይሆን አስወጥቼዋለሁ። ድመትህ የጎረቤትህ የዴልበርት ላሞች ጋጣ ገብታ ወፍራለች። ከኮረብታው ማዶ በዴልበርት የመኖ ጎተራ አናት ላይ ያለው አንቴናችን በረዶ ተሸክሞ ነበር፤ ወጥቼ አራገፍኩት። አዎ፣ ከመውደቅ የሚይዘውን ቀበቶ ታጥቄ ነው የወጣሁት። አንተም ታጥቀህ ቢሆን ኖሮ ዳሌህ ተሰብሮ አሪዞና ልጅህ ቤት ባልተኛህ ነበር።

ኢሜይል አትጻፊልኝ ያልከውን አክብሬያለሁ። ጆሊን የአባቷን ደብዳቤ ከፍታ ታነባለች ብዬ አላምንም፤ ኩባንያውን እንድትሸጥ እንደምትፈልግ ግን አውቃለሁ። ስልክ ደግሞ አንተ አትሰማም። ስለዚህ የኢንተርኔት ኩባንያ ያለን ሁለት ሰዎች በቴምብር እንጻጻፋለን። ፖስተኛዋ ትስቅብኛለች።

ወደ ካርታው ልመለስ። ኮረብታው ኖርበክ ሸለቆን ከአንቴናችን ይጋርደዋል። የኔም ቤት ያንተም ቤት ከነጎረቤቱ ተጋርዷል። መሬት ቆፍረን የፋይበር መስመር ካላስገባን ሌላ መላ የለም፤ ለዚያ ደግሞ ያለ መንግሥት ድጎማ አቅም የለንም። ድጎማው የሚሰጠው ካርታው ላይ «ኢንተርኔት የለውም» ለተባለ ቦታ ብቻ ነው። ትልቁ ኩባንያ ግን «የስልክ ሽቦዬ በሸለቆው ያልፋል፤ ሁሉንም አዳርሻለሁ» ብሎ ለግዛቱ መሥሪያ ቤት ነግሯል። በዚያ ሽቦ አንድ ፎቶ ልከህ ላም አልበህ ስትመለስ ገና እየሄደ ነው። ቢሆንም ካርታው ላይ አለን።

የአርባ አንድ ቤት አቤቱታ ሰብስቤ ልኬያለሁ። የኔ አይቆጠርም፤ አቅራቢዋ እኔ ነኝ። መሥሪያ ቤቱ ለየቤቱ እየደወለ ያጣራል፤ መልሱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመጣል።

«ልፈርም ወይስ ልተው?» ላልከው፦ አትፈርም። መልሱ እስኪመጣ ጠብቀኝ። ሸለቆው ድጎማውን ካገኘ እኛው እንቆፍራለን። ካላገኘ ለትልቁ ኩባንያ ሽጥለት፤ እስክሪብቶውን እኔ አቀብልሃለሁ። ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ቢሮ ቆልፌ አይብ ፋብሪካ እቀጠራለሁ። እዚያ ነጭ ቆብ ይሰጣሉ አሉ።

ዳሌህስ?

አርሊስ


ማርች 12

አርሊስ፣

ዳሌዬ አይከፋም።

በፖስት ካርድ ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ የትልቁ ኩባንያ ሰው እዚህ ድረስ መጣ። አንድ ቅርጫት ብርቱካን ይዞ። አሪዞና ላለ ሰው ብርቱካን! እዚህ ብርቱካን ጣራ ላይ እየወደቀ ነው እንቅልፍ የሚነሳን። ጆሊን ሥጋ ጠብሳ አበላችው። እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩን እንደሚተወው በትሕትና ነገረኝ። ልጠላው ፈልጌ ነበር። ግን ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የገባው።

አልፈረምኩም። አልፈርምም ማለቴም አይደለም። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንቺም ለብቻሽ ጎተራ ላይ ስትወጪ እየታየኝ ነው የምተኛው።

ሌላ ወሬ የለም። ቅዳሜ አንዲት ልጅ ከግዛቱ መሥሪያ ቤት ደወለችልኝ። የእርሻ ቤቴ ስልክ ወደዚህ እንደተዛወረ ታውቂያለሽ። ትሑት ልጅ ናት፤ ደግሞ ጮክ ብላ ታወራለች፣ እግዜር ይስጣት። «እዚያ ቤትዎ ኢንተርኔቱ እንዴት ነው?» አለችኝ። «አይከፋም፤ ከዚህ የባሰም አለ» አልኳት። በቅዳሜ ሥራ ለገባች ልጅ ሌላ ምን ይባላል? አመስግናኝ ዘጋች።

ለዴልበርት ሰላም በይልኝ።

ሄልመር


ማርች 18

አጎቴ፣

መልሱ ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው። ልደብቅህ ነበር። ከአርባ አንዱ አቤቱታ አርባው ወድቋል። ምክንያቱ በአንድ መስመር ተጽፏል፦ ነዋሪዎቹ በስልክ ተጠይቀው ቅሬታ እንደሌላቸው ተናግረዋል።

ትልቁ ኩባንያ ሰዎቹን በሆነ ነገር ያዛቸው ብዬ ነበር ያሰብኩት። ዴልበርትን ሁለት ቀን ሰላም አላልኩትም፤ እሱ ደግሞ ያው ነው፣ ለምን ብሎ አልጠየቀም። ዛሬ ያንተ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሞተሩን ሳላጠፋ ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። ቅዳሜ የደወለችው ልጅ ጋ ስደርስ የመኪናውን ጣራ በጡጫ መታሁት። ተሰርጉዷል።

በቀጥታ ወደ ቨርና ሄድኩ፤ ወደ ሸለቆው መጨረሻ ቤት።

«ቨርና፣ ከመሥሪያ ቤቱ ደውለውልሽ ነበር?»

«ደውለዋል። ጥሩ ልጅ ናት።»

«ምን አልሻት?»

«አይከፋም አልኳት።»

«ቨርና! የልብ ሐኪምሽን በስክሪን ለማየት ከተማ ድረስ ነድተሽ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ መኪና ውስጥ በበረዶ አይደለም እንዴ የምትቀመጪው?»

«መኪናው እኮ ማሞቂያ አለው።»

«ታዲያ ይኼን ለምን አልነገርሻትም?»

«አልጠየቀችኝም። ደግሞስ የማላውቃትን ልጅ በእሮሮ ላደንቁራት?»

ዴልበርትንም ጠየቅሁት። «ከአባቴ ጊዜ ይሻላል» ብሏት ኖሯል። በአባቱ ጊዜ ሸለቆው መብራትም አልነበረው። እንዲህ እንዲህ እያሉ አርባ ቤት። ተቀባይነት ያገኘው አንድ አቤቱታ የዲሉካ ነው፤ የዚያ ከኢሊኖይ የመጣው አማራሪ። ልጅቷን ይዞ ምሳ ሰዓቷን አሳልፎባታል፤ በመጨረሻ ይቅርታ ጠይቃዋለች አሉ። አሥራ አንድ ዓመት በሰውዬው ስንስቅ ኖረን መሥሪያ ቤቱ ያመነው እሱን ብቻ ነው።

ለመሥሪያ ቤቱ ደወልኩ። ከኤፕሪል 10 ጀምሮ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ደግመው ይደውላሉ። «በዚህኛው የተለየ ነገር ይናገራሉ?» አለችኝ ልጅቷ። አዎ አልኳት። የዋሸሁ ይመስለኛል።

ስለ ዳሌህ የጻፍከውንም ደግሜ አነበብኩት። «አይከፋም» ይላል። አሁን አላምንህም።

አርሊስ


ማርች 24

አርሊስ፣

ገባኝ። ሁለተኛ ደብዳቤ አስከትለሽ መጻፍ አላስፈለገሽም ነበር። የገዛ ኩባንያዬን በገዛ አፌ መታሁት ማለት ነው። ይቅርታ የምጽፈው አንዴ ነው። ይኸው፦ ይቅርታ።

ማማረር እንዲያስተምረን ዲሉካን ላምጣው ላልሽው ግን አይሆንም። ፍግህ ሸተተኝ ብሎ ለወረዳው የጻፈብኝ ሰው ነው። ፍግ ምን ምን እንዲሸት ፈልጎ ነው? የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አረፈደ ብሎ ለፓስተሩ፣ ፖስተኛዋን ቀደመች ብሎ ለፖስታ ቤቱ የጻፈ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን መምህር አድርገሽ ልታቆሚብን?

አባቴ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይል ነበር። ዕድሜዬን በዚህ ኖሬያለሁ፤ አንድም ዝንብ አልገባብኝ።

የሚሉትን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጫቸው፤ ሲደወል ያንብቡት።

ጆሊን ውሉን ማቀዝቀዣው ላይ በማግኔት ለጥፋዋለች። ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። ወተት መጠጣት እየተውኩ ነው።

ዳሌዬን ተዪው።

ሄልመር


ኤፕሪል 6

አጎቴ፣

ለጥያቄህ፦ አይ፣ ዲሉካ ገንዘብ አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። ዘልለህ እንዳታነብ።

አዎ፣ አይሆንም ብለህ ነበር። የወረቀቱን ነገር መጀመሪያ ሞክሬዋለሁ። ቨርና «ኢንተርኔቱ በጣም መጥፎ ነው» የሚለውን ቀጥ አድርጋ አነበበችና ከራሷ «ይቅርታ» ብላ ጨመረችበት። ስለዚህ ዲሉካ ቤት ሄድኩ። በሩን ሲከፍት ገና «ደወሉ አይሠራም፣ ደረጃው ያንሸራትታል፣ አንቺ ደግሞ በእራት ሰዓት መጣሽ፤ ምን ነበር?» አለኝ። ሰውየውስ ይኼ ነው አልኩ በልቤ።

ትናንት ዓርብ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የዓሣ ጥብስ እራት ነበር። ሸለቆው በሙሉ መጥቷል። ድንቹ እንደተነሳ ዲሉካ ወንበር ላይ ወጣ።

«አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤቶቼ ናችሁ» አለ። «አንዳችሁም አንድ ቀን እውነቱን ነግራችሁኝ አታውቁም። መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ የሠራሁት ላዛኛ ከሰል ሆኖ፣ 'ለየት ያለ ነው' እያላችሁ በላችሁት።»

«ለየት ያለ ነበር» አለች ቨርና።

«ዴልበርት፣ ተነስ። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ልጅ ነኝ። ኢንተርኔትህ እንዴት ነው?»

ዴልበርት ኮፍያውን አወለቀ። «እንግዲህ… አንዳንዴ ትንሽ ይዘገያል።»

«ትንሽ! ላምህን ተኩላ ቢበላት 'ትንሽ ቀንሳለች' ልትል ነው?»

«እንደ ላሟ ነዋ» አለ ዴልበርት።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዲሉካ አልሳቀም፤ ሌላ አስነሳ፣ ሌላም አስነሳ። አንዱ «መጥፎ ነው» ብሎ ወዲያው ወደ ሚስቱ ዞሮ «አበዛሁት እንዴ?» አለ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ የአያቴን ተረት አመጡ፦ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ዲሉካ ከጠረጴዛው ሳህን አነሳና «ልክ ነው» አለ። «ዓሣም አይገባም።»

ይኼኔ ቨርና ሳትጠራ ተነሳች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ጃንዋሪ ውስጥ» አለች «ሐኪሜ የልቤን ውጤት ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ተቋረጠ። ከቤቴ ነበር የሞከርኩት፣ በዚህ ሽቦ። ወደ ከተማ ነዳሁ። ቤተ መጻሕፍቱ በበረዶ ምክንያት ተዘግቶ የነሱም ኢንተርኔት ጠፍቷል። መኪና ውስጥ ተቀመጥኩ። ሊለኝ የነበረው ደግ ይሁን ክፉ አላወቅሁም። ፈራሁ። በረደኝም። ማሞቂያው አይሠራም። ከገና ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም።»

ተቀመጠች። ዲሉካ ከወንበሩ ወረደ፤ «እንደሱ» አለ ቀስ ብሎ። «ልክ እንደሱ ነው።»

ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ኬኩ ቀርቦ እስኪያልቅ ሲያማርሩ አመሹ። ዴልበርት ስለ ኢንተርኔቱ ጨርሶ ስለኔ መኪና አነዳድ ጀመረ። ሲወጡ ፊታቸው ቀልቷል፤ ሠርግ ላይ የጨፈሩ ነው የሚመስሉት።

አሁን የዲሉካ ጥያቄ፦ ነፋሱ ወደ እሱ ቤት በሚነፍስበት ቀን ማሳህ ላይ ፍግ እንዳይበተን። በስምህ እሺ ብዬዋለሁ።

የቀረኸው አንተ ነህ። ልጅቷ ትደውልልሃለች።

አርሊስ


ኤፕሪል 15

አርሊስ፣

አዎ፣ ደወለች። ያችው የቅዳሜዋ ልጅ ናት።

ዘልለህ እንዳታነብ ያልሽውን ዘልዬ ነው ያነበብኩት። ፍጉ ጋ ስደርስ ደብዳቤሽን ወረወርኩት። እራት በልቼ ሳበቃ አንስቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የቨርና ማሞቂያ ጋ ስደርስ አስቀመጥኩት። ያን መኪና የሸጥኩላት እኔ ነኝ። እሺ፣ ነፋሱን አይቼ እበትናለሁ።

ልጅቷ «ኢንተርኔቱ እንዴት ነው?» አለች። «አይ…» ብዬ ጀመርኩ፤ ምላስ ለምዶ የለ። ጆሊን ዕቃ እያጠበች ታየኛለች። «የለም» አልኩ። «ኢንተርኔት የለም። ለሦስት ወረዳ ኢንተርኔት ስሸጥ ኖሬ በገዛ ቤቴ ኢንተርኔት ኖሮኝ አያውቅም» አልኳት። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ አፍ እንደ ጋጣ በር ነው፤ ሁሉም ይወጣል። ስለ ሽቦው ነገርኳት። ስለ ኮረብታው። ጣራ ላይ ስለሚወድቀው ብርቱካን። ስለ ዳሌዬም ነገርኳት።

ለአንቺ ያልነገርኩሽን ማለት ነው። ፌብሩዋሪ ላይ እንደገና ከፍተውታል፤ የመጀመሪያው ብረት ተንቀሳቅሶ ነበር። መቀመጥ ያመኛል፤ ይኼን የምጽፈው ቆሜ ነው። ጎተራ ላይ ከእንግዲህ አልወጣም። ይኸው፣ አማረርኩ።

ልጅቷ «ጌታዬ፣ የኢንተርኔቱን ጽፌዋለሁ፤ የዳሌውን የምጽፍበት ቦታ የለኝም» አለችኝ። ግን አልዘጋችብኝም። እናቷም ዳሌዋን ታማለች።

ስልኩን ሳስቀምጥ ጆሊን እጇን አደራረቀች። «ኩባንያውን ይኼን ያህል እንደምትወደው አላወቅሁም» አለች።

«አልጠየቅሽኝም» አልኳት።

ውሉን ከማቀዝቀዣው ላይ አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። መልስሽን እጠብቃለሁ። ኤፕሪል ግን እያለቀ ነው።

ሄልመር


ኤፕሪል 27

ካርታው ላይ ምንም የለንም።

አጎቴ፣ ምንም! አርባ አንዱም አለፈ። ኖርበክ ሸለቆ ኢንተርኔት የሌለው ቦታ ተብሎ በይፋ ተመዘገበ። ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት። ለዴልበርት ደውዬ ነገርኩት፤ «አይከ…» ብሎ ጀመረና ራሱን ገታ። ከዚያ ትራክተሩ ላይ ወጥቶ ጥሩንባውን እየነፋ ሸለቆውን ከላይ እስከ ታች ወረደበት። ከየቤቱ መኪና ወጣ፤ ሁሉም ጥሩንባውን ይነፋል። ፓስተሩ ደወል አስደወለ። ዲሉካ «በዚህ ሰዓት ምን ደወል ነው?» ብሎ ከወጣ በኋላ እሱም መኪናው ውስጥ ገባ።

መንገድ የሳተ መንገደኛ መስኮቱን አውርዶ «በዓሉ ምንድን ነው?» አለ።

«ኢንተርኔት የለንም!» አለው ዴልበርት።

ሰውየው መስኮቱን ዘጋ።

አሁን መሽቶ መጠጥ ቤት ነን፤ ብራንዲው በዲሉካ ሒሳብ ነው። ብርጭቆው ቆሻሻ ነው ብሎ ሁለቴ መልሶታል።

ስለ ድጎማው ለጠየቅኸኝ፦ ማመልከቻውን ሰኞ አስገባለሁ። ሸለቆውን እቆፍራለሁ ብሎ የመጣ ሌላ ኩባንያ የለም። ትልቁም አልመጣም፤ አለ ብሎ የማለበት ቦታ ላይ ልቆፍር ቢል ያፍራል። ይኼ ደብዳቤ ከቀኑ በፊት ይደርስህ እንደሆነ አላውቅም። ድረስ ብዬ ነው የምጽፈው።

አርሊስ


ሜይ 4

አርሊስ፣

አልደረሰም። ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው የመጣው።

ውሉን የመለስኩት ግን ከዚያ በፊት ነው፣ ሳልፈርም። መልሱ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ሰውየው ደወለ። ድምፁ ያው ትሑት ነው። «ምን ቅር አሰኘዎት?» አለኝ።

ነገርኩት። ጆሊን ሰላጣ ከትፋ፣ ዶሮ ጠብሳ፣ ጠረጴዛ ዘርግታ ጠበቀችኝ። መጀመሪያ ስልኩን የዘጋው እሱ ነው።

ለዲሉካ ነፋሱ ከየት እንደሚነሳ እኔ ከሱ በፊት እንደማውቅ ንገሪልኝ።

ሄልመር


ኦክቶበር 11

አጎቴ፣

ለጠየቅኸኝ ሁሉ፦ አዎ፣ አልጋህን ከላይኛው ፎቅ አውርጄዋለሁ። አዎ፣ ለአጋዘን አደን ትደርሳለህ፤ ግን ከወንበር ላይ፣ በመስኮት ነው የምትተኩሰው። ጆሊን ራሷ ነድታ እንደምታመጣህ ጽፋልኛለች። በኢሜይል። ከቤቴ ሆኜ አነበብኩት።

ካርታው ከተስተካከለ ዓመት ከመንፈቅ ሆነው፤ ድጎማው ከጸደቀ ገና ዓመት አልሞላም። መቆፈሪያ ማሽኑ ግን ዛሬ ያንተን አጥር አልፏል። ሠላሳ ስድስት ቤት አገናኝተናል። ሁለት ልጆች ቀጥሬያለሁ፤ ጎተራ ላይ እነሱ ናቸው የሚወጡት፣ ቀበቶ ታጥቀው። ትልቁ ኩባንያ ሽቦውን እየነቀለ ነው አሉ። አይከፋም።

ቨርና ሐኪሟን ባለፈው ሳምንት ከማእድ ቤቷ አየችው። «እንዴት ነሽ?» ሲላት ሁሉንም ነገረችው። መድኃኒቷን ቀየረላት። ማሞቂያውን ደግሞ በላክኸው ዕቃ ዴልበርት ገጥሞላታል፤ አሁን ሙቀቱ በዛ ትላለች።

ያላሰብኩት ይኼን ነው። ማማረሩ አልቀረም። ለመሥሪያ ቤቱ ብለው የተማሩትን አሁን በኔ ላይ ይለማመዱታል። ዴልበርት ሚስቱ በኢንተርኔት የዶሮ ቤት ገዛች ብሎ ከሰሰኝ። ፓስተሩ ሰው ስብከቱን ቤቱ ሆኖ ያያል ይለኛል። ቢሮው ስልክ አያርፍም። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ደንበኞቻችን የረኩ ይመስለኝ ነበር!

ዲሉካ ብቻ ዝም ብሏል። ትናንት የሱን ቤት ስናገናኝ እጁን ኪሱ ከትቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቆሞ አየ። ኮምፒዩተሩን ከፍቶ የልጅ ልጁን ቺካጎ ድረስ አናገረ። ጨርሶ ሲዞር «እንዴት ነው?» አልኩት።

ወደ ግድግዳው አየ፣ ወደ ሽቦው አየ።

«አይከፋም» አለኝ።

ልጆቹ ከሰውየው አፍ ይኼን መስማታቸውን ለመላው ሸለቆ አውርተዋል። ቴምብር ልፈልግና ይኼን ደብዳቤ…

ቨርና በር ላይ መጥታ የመኪናዋን ጥሩንባ እየነፋች ነው። በመስኮት ሰማኋት፤ ማሽኑ የአበባ መደቧን በሰያፍ አቋርጦታል፣ «አንዴ መጥተሽ እይው፤ ምን የሚሉት አቆፋፈር ነው!» ትላለች። ቴምብሩ መሳቢያው ውስጥ የለም። አንድ እግሬ ቦት ጫማ ውስጥ ገብቷል። ደብዳቤውን ኪሴ ልከትና ልውጣ።